ቁመት ያህል ክታብ፦ የአንድ ምናባዊ ልብ ወለድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ አዲሱን ልብ ወለድ ጀመርሁ። ጀመርሁ ስል ገና አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፍሁም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሊሸከም የሚችል ጥያቄ ስላገኘሁ ከዛሬ ጀምሮ የሥራውን ሂደት በዚህ ደብተር ለመመዝገብ ወሰንሁ። ባለፉት ሁለት መጻሕፍቴ ይህን አላደረግሁም ነበር፤ በዚህም የተነሣ አንባቢዎች «ሐሳቡ ከየት መጣልሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው የሆነውን ሳይሆን ኋላ ያሰማመርሁትን ነበር።

ጥያቄው የወጣው ከአያቴ ሣጥን ነው። ቤተሰቡ ዕቃዋን ሲከፋፈል በቆዳ ማኅደር ውስጥ ያለ አንድ ክታብ ለእኔ ደረሰኝ። ክታብ በልማዱ የሚዘጋጀው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ጥበቃው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ ሲባል ጠባብ የብራና ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ እየተሰፉ የሰውየውን ቁመት ያህል ይረዝማሉ። የአያቴን ክታብ ፈትቼ በግድግዳው ላይ ስዘረጋው ግን ከደረቴ አልፎ አልሄደም። አያቴ ደግሞ ከእኔ የምትረዝም ሴት ነበረች። እናቴ እንደነገረችኝ ክታቡ የደረሳት በልጅነቷ ታማ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተጻፈላትም። ግድግዳው ሥር ቆሜ ያሰብሁት ይህን ነው፦ ከክታቡ በላይ ያደገውን አካሏን ማን ጠበቀው?

ሌላም ነገር አየሁ። በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል፤ በተፋቀው ላይም የአያቴ የክርስትና ስም ከቀረው ጽሕፈት በተለየ እጅ ተጽፏል። ክታብ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛውን ስም ፍቆ የኋለኛውን መተካት የተለመደ ነው። ስለዚህ ክታቡ መጀመሪያ የተለካው በሌላ ሕፃን ቁመት ነበር። ብራናውን ወደ መብራት አቅርቤ የቀድሞውን ስም ለማንበብ ሞከርሁ፤ ከአንድ የ«ወ» ቅርጽ በቀር የሚታይ የለም። ዋናዋ ባለታሪኬ ስሟ በ«ወ» እንዲጀምር ያን ጊዜ ወሰንሁ። ወለላ ትባላለች።

መስከረም 22 ቀን

ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲትም ትዕይንት ሳልጽፍ በሁለት ቃላት ላይ ብቻ ሠራሁ። የመጀመሪያው «አስማት» ነው። ዛሬ በአማርኛ ስንናገረው ተአምራዊ ኃይልን ማለታችን ነው፤ በግእዝ ግን ቃሉ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። በክታቦቹ ላይ የሚደረደሩት ኅቡእ ስሞች አስማት የተባሉትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው «ድግምት» ሲሆን የሚወጣው ከ«ደገመ» ነው፤ መላልሶ ከማለት። እንግዲህ ቋንቋችን ራሱ የምናባዊ ኃይልን ሥርዓት አስቀምጦልኛል፤ ኃይሉ በስም ውስጥ ነው፣ የሚሠራውም ሲደገም ነው። ከውጭ አንዳች ነገር መዋስ አላስፈለገኝም።

የቀረኝ ዋጋውን መወሰን ነበር። ዋጋ የማይከፈልበት ኃይል ታሪኩን በሦስተኛው ምዕራፍ ይገድለዋል፤ ባለታሪኳ በችግር ላይ በወደቀች ቁጥር አንባቢው «ታዲያ ለምን አትጠቀምበትም?» ይላልና። ስለዚህ የወለላን ዓለም ሕግ እንዲህ አድርጌ ጻፍሁ፦ በዚያ አገር ልጅ ሁሉ 12 ዓመት ሲሞላው ቁመቱ በፈትል ይለካና ክታቡ ይጻፍለታል፤ ከዚያ በኋላ ከክታቡ ያለፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በክታቡ ልክ ይኖራል። ወለላ ከክታቧ አንድ ጋት አልፋ አደገች፤ ቀናም ብላ ሄደች። ያልተሸፈነው ግንባሯ ከብራና የተፋቁትን ስሞች ይሰማል። የሰማችውን ስም ሦስት ጊዜ ከደገመች ባለቤቱ ይመጣል፤ በምትኩ ግን እርሷ ከምታውቃቸው ሰዎች የአንዱ ስም ከአእምሮዋ ይፋቃል፤ የማን እንደሚሆንም መምረጥ አትችልም።

ጥቅምት 5 ቀን

መጻፍ ጀመርሁ። የምነሣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ቀን በአራሚነት ሥራ ላይ ስለምውል ከዚያ ውጭ የራሴ የሆነ ሰዓት የለኝም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ባለመስመር ደብተር ላይ በእጄ እጽፋለሁ፣ በቀን ሁለት ገጽ፤ ማታ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። ግልበጣው ጊዜ ማባከን የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው እርማት እርሱ ነው። ደክሞኝ ለመተየብ የታከተኝ ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የማያስፈልግ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ጥቅምት 28 ቀን

ዛሬ 31 ገጽ ሰረዝሁ። ገጾቹ የወለላን አገር ታሪክ ከመጀመሪያው ንጉሥ አንሥተው እስከ ዘጠነኛው ድረስ የሚተርኩ ነበሩ፤ እኔ ስጽፋቸው ደስ ብሎኛል፤ ለማንበብ ግን ከባድ ነበሩ፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የተራበ፣ የፈራ ወይም አንድ ነገር የፈለገ ሰው አልነበረም።

የረዳኝ የአክሱሙ የዘንዶ ትረካ ነው። ዐርዌ የሚባለው ዘንዶ በአገሩ ላይ ነግሦ ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት እንደነበረ፣ ኋላም የገደለው ሰው በእግሩ እንደነገሠ ይተረካል፤ የንግሥተ ሳባ አባት ነው የሚሉም አሉ። ትረካው በብዙ ዓይነት ይነገራል፤ ሥዕሉም በየቦታው አለ። ዘንዶው በምን እንደሞተ ስንጠይቅ ግን በብዙዎቹ ትረካዎች የምናገኘው ፍየል ነው። ሰውየው ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ለዘንዶው ያቀርብለታል፤ ዘንዶው በልቶ ይሞታል። ያን ሁሉ ግዙፍ ነገር፣ ንግሥናውንም ዘንዶውንም፣ የሚሸከመው እያንዳንዱ ገበሬ ደጅ ታስሮ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። እኔም ዘጠኙን ነገሥታት ትቼ ወለላን በአባቷ ግቢ፣ ከታረደ ፍየል ቆዳ አጠገብ አስቀመጥኋት። አባቷ ብራና ፋቂ ነው። መጽሐፉ አሁን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኅዳር 13 ቀን

ብራና ፋቂውን አባት መጻፍ አቃተኝ። እጁ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበርና። ስለዚህ ከከተማው ዳርቻ ብራና የሚፍቁ አንድ አዛውንት ፈልጌ አገኘሁ፤ የኔታ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። መጽሐፍ ልጽፍበት እንደሆነ ስነግራቸው «እንግዲያው ቆመሽ አትይ፤ ያዢ» ብለው መፋቂያውን ሰጡኝ።

የራሴን ቆዳ ይዤ እንድመጣ፣ ከዚያ በፊትም ሦስት ቀን ያህል በውኃ እንድነክረው አዘዙኝ። ነክሬው ሳለ በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጣሁና የተመለስሁት በስድስተኛው ቀን ነው። ጠረኑ ከውጭ በር ተቀበለኝ። ቆዳውን ከገንዳው ሳነሣው ጠጉሩ በእጄ ላይ ቀረ፤ ከሆዱ በኩል ያለው ስስ ክፍልም እንደራሰ ወረቀት ተበጠሰ። የኔታ ሲያዩት ምንም አላሉም፤ ሌላ ቆዳ እንዳመጣ ብቻ ነገሩኝ። ጎረቤቶቼን ይቅርታ ጠይቄ ቆዳውን ቀበርሁት፤ በማግሥቱ ሌሊትም የወለላን የመጀመሪያ ጥፋት ጻፍሁ። አባቷ ለአንድ ሕፃን ክታብ ያስቀመጠውን ቆዳ በውኃ ውስጥ ረስታ ታበሰብሰዋለች፤ ሕፃኑ ያለ ክታብ ይቀራል። ይህ ትዕይንት በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም፤ አሁን የመጽሐፉ ምሰሶ እርሱ ነው።

ኅዳር 26 ቀን

ሁለተኛው ቆዳ ተወጠረ። በቆዳው ጠርዝ ዙሪያ ቀዳዳ እየበሱ በገመድ ከአራት ማዕዘኑ የእንጨት መወጠሪያ ጋር አሰሩት፤ ገመዱን በየተራ ሲያጠብቁት ቆዳው ቀስ በቀስ መጨማደዱን ትቶ ተዘረጋ። በጣት ሲመቱት መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ነበረው፤ እየደረቀ ሲሄድ ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባ ጀመር። በመጀመሪያ የሥጋው ወገን በቢላዋ ይገፈፋል፤ ቀጥሎ የጠጉሩ ወገን ይፋቃል፤ በመጨረሻም እያራሱ በቀላል ባለቀዳዳ ድንጋይ ያሹታል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ሥር ውኃ ቋጠረ። የኔታ የሚፍቁት ክንዳቸውን ብቻ ሳይሆን ወገባቸውን ጭምር አዘንብለው ነው፤ እኔ በክንዴ ብቻ እገፋ ነበር። በረቂቄ ውስጥ የወለላ አባት ተቀምጦ ይፍቅ ነበር፤ ዛሬ ማታ አስነሣሁት።

አንድ ስሕተት ሠራሁ። መፋቂያውን አጋድሜ ስይዘው ጫፉ ቆዳውን ነካው፤ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጭረት ነበረች። ዓይኔ እያየ ግን ውጥረቱ ግራና ቀኝ ይስባት ጀመር፤ ጭረቷ ተከፈተች፣ ከዚያም ሞላላ ሆና ቆመች። ልክ እንደ ዓይን። በቀዳዳው በኩል የግቢውን ባሕር ዛፍ አየሁ። የኔታ «ይሰፋል፤ ባይሰፋም ጸሐፊው ዘሎት ይጽፋል» አሉኝ። በጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ ጽሕፈቱ ቀዳዳ ሲደርስ ዞሮ የሚያልፍባቸውን ገጾች አይቻለሁ፤ ከእጄ ሲወጣ ግን ከማየት የተለየ ነው። በክታብ ላይ ደግሞ ክፉውን መንፈስ መልሰው የሚያዩ ትልልቅ ዓይኖች ይሣላሉ። እንግዲህ የወለላ ክታብ ዓይን አልተሣለበትም፤ አባቷ ሲፍቀው የከፈተው ቀዳዳ ነው ዓይኑ። እርሷም በእርሱ በኩል ታያለች። ይህን ከወንበሬ ላይ ተቀምጬ አስቤ አላገኘውም ነበር፤ ጀማሪ ጸሐፊ ሁሉ ባለታሪኩ የሚሠራውን ሥራ ቢያንስ አንድ ቀን በእጁ እንዲሞክር የምለምነውም ስለዚህ ነው።

ታኅሣሥ 11 ቀን

ከመቃ የተቀረጸ ብዕር ያዝሁ፤ ከጥላሸት የተዘጋጀ ጥቁር ቀለምም ተሰጠኝ። በሁለተኛው ቆዳ ቁራጭ ላይ በወስፌ መስመር አውጥቼ የፊደል ገበታውን ለመጻፍ ሞከርሁ፤ «ሀ»ን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍሁ። ቅዱሳን ስሞች የሚጻፉት በቀይ ቀለም ስለሆነ ጸሐፊው ስም በደረሰ ቁጥር ብዕር ይለውጣል፤ አንዳንዱም ለቀዩ ቦታ እየተወ ያልፋል። በወለላ አገር ቀይ ቀለም ያለቀበት ጸሐፊ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ምዕራፍ 6ን ሰጠኝ።

ጥር 17 ቀን

አገሩን በሐይቅ ላይ አድርጌዋለሁ። መነሻዬ ጣና ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ሄጄ የያዝሁትን ማስታወሻ እንደገና አነበብሁት። ከማስታወሻው የጠቀመኝ የገዳማቱ ሥዕል ሳይሆን ታንኳው ነው። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ ስለሚጠጣ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ይህ ማለት በወለላ ዓለም ማንም ሰው ከደሴት ወደ ደሴት ሳያርፍ መሸሽ አይችልም፤ ታንኳው እስኪደርቅ ድረስ የግድ ሌላ ሰው ደጅ ያድራል። ካርታ ስሥል ያላገኘሁትን የጉዞ ሕግ አንድ የረጠበ ታንኳ አስተማረኝ።

የካቲት 8 ቀን

ቅዳሜና እሑድ ረቂቄን ለአክስቴ አነብላታለሁ። አክስቴ ምናባዊ ልብ ወለድ አንብባ አታውቅም፤ የመረጥኋትም ለዚህ ነው። ቡናው ሲፈላ አነባለሁ፤ በአቦሉ ዝም ብላ ትሰማኛለች፣ በቶናው ትጠይቀኛለች፣ ምዕራፉ እስከ በረካ ድረስ ካላቆያትና ስለ ሰፈሩ ነገር ካነሣች ችግሩ ከጽሑፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለሚናገሩ የተፋቁ ስሞች ሳነብላት ቅንጣት አልተደናገጠችም፤ «ይሆናል» ብላ አለፈችው። ወለላ ስድስት ቀን የተጓዘችበት ምዕራፍ ላይ ግን አስቆመችኝ።

«ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው ስድስት ቀን የሄደችው? ስንቅ የላትም እንዴ?»

የላትም ነበር። ረስቼው ነበር። ማታውኑ በሶና ዳቦ ቆሎ አሲያዝኋት፤ በሶው በአራተኛው ቀን እንዲያልቅ አደረግሁ፤ በአምስተኛው ቀን የማታውቀውን ሰው በር እንድታንኳኳ ያስገደዳትም ይኸው ሆነ። ከዚህ በፊት ያ ሰው በአጋጣሚ መንገድ ላይ ይገጥማት ነበር፤ እኔም ትዕይንቱ ለምን እንደሚያነክስ ሳይገባኝ ሦስት ጊዜ ጽፌው ነበር። አንባቢ ስም የሚሰማ ግንባር አለ ብትሉት ያምናል፤ ያለ ስንቅ የሚጓዝ ሰው ግን አያምንም።

የካቲት 30 ቀን

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረውን ሥራ ይዞ መጣ። በጥንቃቄ የተሣለ የሦስት አህጉር ካርታ፣ ከ60 የሚበልጡ የነገሥታትና የከተሞች ስሞች፣ የሁለት ጦርነቶች ዝርዝር ነበረው፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን አልተጻፈም። ሁለት ዓመት እንደፈጀበት ነገረኝ። ልፋቱ ከልብ ስለሆነ አዘንሁለት፤ እኔም በ31 ገጽ መጠን ያሳለፍሁት መንገድ ነውና። ካርታውን አጥፎ እንዲያስቀምጠውና ከከተሞቹ በአንዱ፣ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር የጎደለው ሰው ብቻ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት። ስሞቹም ጆሮ ላይ አልተቀመጡልኝም፤ ብዙዎቹ ከፊልም የተሰሙ ይመስላሉ። የእኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የወላጅን ምኞት፣ ኀዘን ወይም አቤቱታ ይናገራል። ማስረሻ የሚባል ሰው ሲመጣ ከእርሱ በፊት የሞተ ልጅ እንዳለ እንገምታለን። ይህን ያህል ታሪክ በአንድ ቃል የሚሸከም ስም እያለን ትርጉም የሌለው ድምፅ መፈልሰፍ ለባለታሪኩ ከሚሰጠው የሚወስድበት ይበዛል።

«ፋንታሲ ለእኛ ባዕድ አይደለም ወይ?» ብሎም ጠየቀኝ፤ ጓደኞቹ እንዲህ ይሉታል። በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን መጽሐፍ አነሣሁለት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ርእሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበርና የዘርፉ መጠሪያ ከእርሱ ቀርቶልናል። ልብ የወለደው ማለት ነው። ቃሉ ልብ ምን መውለድ እንደሚፈቀድለት አይገድብም። ተማሪው ካርታውን በቦርሳው ከትቶ ሄደ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት ገጽ ይዞ እንደሚመለስ ተስማምተናል።

መጋቢት 22 ቀን

ተማሪው ስድስት ገጽ ይዞ መጣ። ባለታሪኩ በገበያ ዳር ጫማ የሚያድስ ሰው ነው፤ ሚስማሩ አልቆበታል። ሁለቴ አነበብሁት። ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን

ረቂቁ 212 የደብተር ገጽ ደርሶ ቆሟል፤ መጨረሻው አልመጣልኝም። በዕቅዴ ወለላ በመጨረሻ ላይ በትክክለኛ ቁመቷ ልክ አዲስ ክታብ ይጻፍላታል። ትዕይንቱን አምስት ሌሊት ጻፍሁት፤ በየጊዜውም ሐሰት ሆኖ ተሰማኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ልናገረው አልቻልሁም።

ግንቦት 4 ቀን

የአያቴን ክታብ አውጥቼ እንደገና በግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ገብታ አየችውና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ከጎኑ ቆመች፤ ከብራናው ጫፍ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አልፋለች። እጇን አናቷ ላይ ጭና ልዩነቱን ለካችው። ከዚያም «የመጀመሪያዋስ ልጅ? ስሟ የተፋቀው? እሷ ደግሞ ያለ ክታብ ቀረች ማለት ነው?» አለችኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ስለ አያቴ ሳስብ ስለዚያች ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። የወለላ ክታብም የተፋቀ ስም አለበት፤ በምዕራፍ 2 ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ረስቼዋለሁ። አዲስ ክታብ የተጻፈላት መጨረሻ ሐሰት የሆነብኝ ለዚህ ነው፤ ያች ሌላዋ ልጅ ከምዕራፍ 2 ጀምሮ በር ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ ግን አላስገባኋትም።

ሰኔ 2 ቀን

የመጨረሻዎቹን ሦስት ምዕራፎች ጥዬ እንደገና ጻፍሁ። ወለላ አዲስ ክታብ አይጻፍላትም። በክታቧ ላይ የተፋቀውን የፊተኛዋን ልጅ ስም በገዛ ግንባሯ ትሰማለች፤ ከዚህ በፊት አራት ስሞችን ደግማ አራት ሰዎችን ከአእምሮዋ አጥታለች፤ የቀሯት የአባቷና የራሷ ስም ብቻ ናቸው። ሁለት ጊዜ ትደግማለች። ሦስተኛውን ከማለቷ በፊት የኔታ የሰጡኝን ያንኑ ዓይነት መፋቂያ አንሥታ ስሟ በተጻፈበት ቦታ ላይ ብራናውን ትፍቃለች፤ የምትፍቀውም ክንዷን ብቻ ሳይሆን ወገቧን አዘንብላ፣ አባቷ እንደሚፍቀው ነው።

እሑድ ለአክስቴ አነበብሁላት። በረካው ቀዝቅዞ ስኒው እንዳለ ቀረ። «ሦስተኛውን አለችው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ብላለች አልኋት። «ማንን ረሳች?» አለችኝ። ገጹን ገልብጬ ቀጠልሁ።